የአባ ጨርቅ ብልቃጥ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ፣ ቦታ አይጠፋም። የማወራችሁ ስለ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው።

የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ቢሮ አንድ ክፍል ብቻ ነው። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሚስት ባሏን ወደ ቤት ልትወስድ ስትመጣ ወንበሩ ላይ ሞቶ አገኘችው። ጓደኞቹ «አባ ጨርቅ» ይሉት ነበር፤ ማንኪያም ሆነ እስክሪብቶ በጨርቅ ተጠምጥሞ ካልወፈረለት አይጨብጥም። በወታደርነቱ የመርዝ በርሜል ሲያራግፍ ኖሮ ጣቶቹ ደንዝዘው ቀርተዋል። ጠረጴዛው ላይ የሕመም ማስታገሻው ብልቃጥ ክዳኑ እንደተዘጋ ባዶውን ቆሟል፤ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ አለ።

በማግስቱ መርማሪዋ ስትደርስ የሕክምና ቦርዱ ሐኪም ወረቀቱን ጽፎ ጨርሷል። «አእምሮው ታውኮ ራሱን አጠፋ» ይላል።

«በአራት ሰዓት ቦርዱ ይሰበሰባል» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ እየተቁነጠነጠ። «በርሜሎቹ የጎዷቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች መታከሚያ ይፈቀድላቸው ብለን አመልክተናል። በርሜሎቹን ፈርሞ የተረከበው አባ ጨርቅ ነው፤ ደረሰኙም በእሱ እጅ ነበር። አሁን ደረሰኙ የለም። ቃሉንም የእብድ ቃል ነው ብለው ይጥሉታል፣ እህቴ።»

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ነበረች። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ተኩል። ፋይሎቹ ተበርብረው ወለሉ ላይ ተዘርግፈዋል።

«እናቴ፣ ትናንት መቼ አዩት?» ስትል የሟቹን ሚስት ጠየቀቻት።

«በሰባት ሰዓት ምሳውን አመጣሁለት። ማንኪያውን ሁሌም የምጠመጥምለት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እስክሪብቶውን ግን ትናንት በጥርሱ እየጎተተ ራሱ ጠመጠመው። ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ገና ከትናንት በስቲያ ያመጣሁለት ነው። ሙሉ ነበር፤ ክዳኑንም ላላ አድርጌ ነው የተውኩለት።»

ቀጥሎ የሟቹ የጦር ጓደኛ ገባ። ሲተነፍስ ደረቱ ስለሚያፏጭ «ፉጨት» ይሉታል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሬው ነበርኩ» አለ። «ሐኪሙ ሁለታችንንም ስድስት ስድስት ጊዜ መርምሮ ጤነኛ ናችሁ ብሎናል። ለሰባተኛው ሬሳዬን እልክለታለሁ ብዬው ስንስቅ ነበር።»

«መሞት የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር?»

«እሱ? ለዛሬ የሚለብሰው ሸሚዝ ተተኩሶ እንደሆነ ሲነዘንዝ የዋለ ሰው! ደግሞ ‹ከደረሰኙ ግርጌ የማን ፊርማ እንዳለ ብነግርህ ሳቅ ይገልሃል፤ ነገ ትሰማለህ› አለኝ።»

«ከዚያ በኋላስ ማን መጣ?» ስትል ወደ ጸሐፊው ዞረች።

«ሐኪሙ፤ በአሥር ሰዓት። ልታረቀው ነው አለና ፎቶ ኮፒ አስደርግልኝ ብሎ ላከኝ። ስመለስ እሱ ሄዷል፤ አባ ጨርቅ አንገቱን ደፍቷል። ለዛሬ ወረቀት ሲፈልግ ፋይሉን ዘርግፎ፣ ደክሞት የተኛ መስሎኝ ተውኩት።»

ሐኪሙን በስልክ ጠየቀችው። «በሩ ላይ ቆሜ ሰላም ብዬው ሄድኩ፤ አልገባሁም። ብልቃጡንም እስካሁን በእጄ አልነካሁትም» አለ።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞረች። የበሩ እጀታ ላይ ክንድ የሚገባበት ገመድ ታስሯል። ሙጫው፣ ቀለሙ፣ የውሃው ጀሪካን ክዳን የላቸውም፤ ቁራጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎባቸዋል። ጓንት አጥልቃ ብልቃጡን አነሳችና ክዳኑን ዳር ዳሩን ይዛ ጥርሷን ነክሳ ከፈተችው። ከዚያ አንዱን ፖሊስ መድኃኒት ቤት ላከችና «ሁሉንም ጥሩልኝ፤ የቦርዱን ሰብሳቢም ጨምሩ» አለች።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ዶክተር፣ አባ ጨርቅ እንዲህ ያለ ብልቃጥ መዝጋት ይችል ነበር?»

«ለምን አይችልም?» አለ ሐኪሙ። «እጁ ጤነኛ እንደሆነ ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«የፉጨትስ እጅ?»

«የሱም።»

ከመድኃኒት ቤት የመጣውን ተመሳሳይ ብልቃጥ ለፉጨት ሰጠችው። «እስቲ ይዝጉልኝ፣ አባቴ።»

ፉጨት ክዳኑን አስቀመጠና አዞረ። ጣቶቹ ተንሸራተቱ። ደገመው፤ ክዳኑ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የደረቱ ፉጨት ብቻ ይሰማ ነበር።

«ይበቃል» አለች መርማሪዋ። «የሟቹን ብልቃጥ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የከፈትኩት። እሱ ራሱ ቢውጠው ኖሮ ክዳኑ ከጎኑ ይገኝ ነበር። ጀሪካኑንና ሙጫውን በክዳን ፋንታ ጨርቅ ያለበሰው ማነው?»

«እኛ» አሉ ሚስትና ጸሐፊው።

«እነሱ ክዳን ማጥበቅ ከተዉ ዓመታት አልፈዋል። ፉጨት ቢፈልግም አይችልም። አባ ጨርቅ የሚጠጣበት ባለ ሁለት ጆሮ ኩባያ መደርደሪያው ላይ ደርቆ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ቀጭን ብርጭቆ ነው። መድኃኒቱን በጥብጦ ያጠጣው፣ ብልቃጡንም አጥብቆ የዘጋው፣ የነዚህን ጣቶች መሞት የማያምን ሰው ነው። ስድስት ጊዜ የጻፉትን ውሸት፣ ዶክተር፣ በመጨረሻ ራስዎ አመኑት።»

«ክዳን ማስረጃ ሆኖ ነው?»

«አልገባሁም፣ አልነካሁም ብለዋል። ክዳኑ ላይ ያለው አሻራ የማን እንደሆነ እናያለን። ፋይሉን ሁሉ በረበሩ፤ የእስክሪብቶውን ጨርቅ ግን ሕመም ለማስመሰል የተጠመጠመ ስለመሰለዎት አልነኩትም።»

የሟቹን እስክሪብቶ አነሳች፤ ከማንኪያው በእጥፍ ወፍሯል። ጨርቁን ስትፈታው ከሥሩ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። ደረሰኙ ነበር። ግርጌው ላይ «ይዘቱ መርዛማ መሆኑን አይቻለሁ፤ ለወታደሮቹ አይነገር» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ የፈረመው ያኔ የጦር ሰፈሩ ወጣት ሐኪም የነበረው ይኸው ዶክተር ነው። ሐኪሙ ፊርማውን አየና ተቀመጠ።

«ስድስት ጊዜ እጁን ይዘሃል» አለችው ሚስትየው ቀስ ብላ። «አንድ ጊዜ እንኳ አልጨበጥከውም?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ሞልቷል። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ከወለሉ አነሳና ደረሰኙ አጠገብ አስቀመጠው። «ስብሰባው እዚሁ ይሁን» አለ፤ ወደ ፉጨትም ወንበሩን አስጠጋ። «ከእርስዎ እንጀምር፤ እጅዎን ያሳዩኝ።» በዚያ ቀን ማታ ሠላሳ አንዱም የመታከሚያ ወረቀታቸውን ያዙ፤ የአባ ጨርቅ ስምም በምስክርነት ከላይ ተጽፏል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር አደራ። እጁ የማይታዘዝለት ሰው ቤት ገብታችሁ ውሃ ቀድታችሁለት ስትወጡ፣ አባ ጨርቅን አስቡትና ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ተዉለት።