ላጥፋው፣ ጋሼ?

ይህ የሆነ ነገር ነው። አላምንም የሚል ሰው ከአሁኑ ይዝለለው፤ እኔ ማንንም አልለምንም ብያለሁ።

የሰማሁት ከራሱ ከገረመው አፍ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ የማገገሚያ ቤት ተኝቶ፣ ስምንት ጣቱን ቆርጠውለት፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየ ነው የነገረኝ። መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጊዜው ጃንዋሪ 2011፣ ማክሰኞ ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል።

ቦታው ዋዮሚንግ... ከኦክላንድ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው፣ ኤይቲ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ያለ አንድ የጭነት መኪና ማረፊያ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ።

ገረመው ሃያ ዓመት ሙሉ ትራክ የነዳ ሰው ነው። የራሱ የሆነች አንዲት ሰማያዊ አሮጌ ትራክ ነበረችው፣ የ1995 ሞዴል። ዕድሜው ሲገፋ መንዳቱን ትቶ ሹፌር ቀጠረባትና ሳን ሆዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ ያዝዝ ነበር።

በዚያ ክረምት ግን የሚነዳለት ሰው አጣ። ኦክላንድ ያለ ሹፌር ሁሉ "እሷን? በስመ አብ! ይቅርብኝ" ይለው ጀመር።

ምክንያቱም ልክ ከዓመት በፊት ንጋቱ የሞተው እሷ ውስጥ ነው።

ንጋቱ በዲቪ የመጣ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ትሁት ሰው ነበር። ምንም ብትሉት መልሱ አንድ ነው። "እሺ ጋሼ።" ከዚያ ውጪ ቃል የሚያውቅ አይመስልም ነበር ይላሉ የሚያውቁት።

በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሞተበት ሳምንት ነው።

የቆየ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በዚያ ብርድ የአሮጌ መኪና ሞተር አይጠፋም። ቆመህም፣ ተኝተህም፣ ሲሠራ ያድራል። ከጠፋ ናፍጣው እንደ ሻማ ይረጋል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ማሞቂያው አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የቀረው አንተ ነህ።

ንጋቱ ይህን አያውቅም ነበር። መንገድ በበረዶ ተዘጋበትና ማረፊያው ውስጥ ቆሞ አለቃውን ገረመውን ደውሎ ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን ላጥፋው?"

በሁለተኛው ቀን ሲያገኙት መሪውን እንደያዘ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል።

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር በተቀመጡት ለቅሶ ላይ ገረመው ደረቱን እየመታ አለቀሰ።

"'አታጥፋው' ብዬው ነበር እኮ! ኔትወርኩ 'ታ'ዋን ዋጣት! 'አጥፋው' ያልኩት መስሎት ነው! ወይኔ ንጋቱ!"

ሰው ሁሉ አገጩን ይዞ ቀረ። በአንዲት ፊደል! አዲስ አበባ ያሉት እናቱ እማማ ፋንታዬ በስልክ ሰምተው ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ?

"የኔ ነገር! ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ደከም ያለ ነው። ካልሰማስ ደግሞ አይጠይቅም ነበር? አንተ ምን ታደርግ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉት። ገዳዩን አጽናኑት።

እውነቱን የሚያውቀው ገረመው ብቻ ነው።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የዚያን ቀን ሳን ሆዜ ፀሐይ ነበረች። ገረመው በከናቴራ ደጁ ላይ የቤት መኪናውን ያጥባል። ንጋቱ ሲደውልለት አምስተኛ ጊዜው ነበር፤ ሰለቸው። ውሃውን እንኳ ሳይዘጋ እንዲህ አለው፦

"አጥፋውና ተኛ! አትነዝንዘኝ!"

"እሺ ጋሼ።"

ይኸው ነው። የዚያ ልጅ ሞት ይህን ያህል ነው የፈጀው።

እና ሹፌር ሲያጣ በዓመቱ ራሱ ወጣ። ሚስቱ የወርቅውሃ "ተው፣ በዚህ ክረምት አትሂድ" ብላው ነበር። "እኔን ነው ብርድ የምታስተምሪኝ?" ብሏት ሄደ።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ፣ ያደረበት ከተማ ላይ መኪናዋን ለማስነሳት ወረደ። መሰኪያ ስላለ ብቻ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሌሊቱን የሞተሩን ማሞቂያ መብራት ላይ ሰክቶ ነው ያሳደራት። ሶኬቱን ነቀለ። አየር መሳቢያው ላይ የሞተር ማስነሻ ኤተር ረጨ፣ ትንሽ ብቻ። ገባና ቁልፉን አዞረ።

እር... እር... እር...

አልተነሳችም። ከአሥራ አምስት ሴኮንድ በላይ ስታርተሩን አያሰቃይም፤ ያቃጥለዋል። ቆመ። ሁለት ደቂቃ ጠበቀ። ደገመ። ሠለሰ።

በአራተኛው ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች።

"ጎበዝ!" አላትና ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገ።

ያኔ ነው ከጎኑ ጠቅ የሚል ድምፅ የሰማው።

ዞር ብሎ አየ። የባዶው ወንበር ቀበቶ ታስሯል።

"እኔው አስሬው ይሆናል" አለ። ሰው ራሱን ሲዋሽ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ሞተሩን አንድ ሰዓት ገደማ አሞቀና ወጣ። ጎማዎቹ ሌሊት በቆሙበት በኩል ጠፍጠፍ ብለው ስላደሩ የመጀመሪያውን ማይል ዱብ ዱብ እያለች ሄደች። ፍሬን በርጋታ። መሪ በርጋታ። ሁሉን ነገር እንደሚያውቀው አደረገ።

ማሞቂያው የእሱን ጎን አሞቀው። ከወዲያ በኩል ያለው መስታወት ግን ከውስጥ በረዶ ጋገረ።

በእጁ ጠረገው።

ወዲያው ጋገረ።

ጥቂት እንደሄደ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ ትራኮቹን ሁሉ ከመንገድ ያስወጣል። ገረመውን ወደ አንድ ማረፊያ መራው። ገብቶ ከቆመ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያየው... ጠማማው የመብራት ምሰሶ። የተሰበረው አግዳሚ ወንበር።

ፖሊስ ያኔ የመኪናዋ ባለቤት ብሎ በላከለት ፎቶ ላይ አይቷቸዋል።

ንጋቱ የቆመበት ቦታ ነው።

ፀሐይ ወጥታለች፤ ቀን ነው፤ ግን ማረፊያው ውስጥ ሌላ መኪና የለም። ሞተሩን አላጠፋም። እንዴት ያጠፋል? እሱ ያውቃል።

ስልኩ ጮኸ።

አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ከሥሩ ስም አለ። ለዓመት ያህል ሊሰርዘው ሲያስብ እጁ እምቢ ያለው ስም።

ንጋቱ።

"...ሃሎ?"

መጀመሪያ የተሰማው ጥርስ ሲንገጫገጭ ነው።

"ጋሼ..." ሹክ አለ። "መንገዱ ተዘጋ። ላጥፋው?"

ገረመው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

"አታጥፋው" አለ።

"ኔትወርኩ ይቆራርጣል ጋሼ... ምን አሉኝ?"

የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ነዳጅ ረገጠላት፣ ተመለሰች።

"አታጥፋው! አታጥፋው ነው ያልኩህ!"

"አልተሰማኝም... ምን አሉኝ ጋሼ?"

እንደገና ወረደ። አሁን ዓይኑ ሥር ቁልፉ ሲንቀሳቀስ አየው። በቀስታ፣ ወደ ግራ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጭኑ ላይ ጣለና ቁልፉን በሁለት እጁ ያዘው። እንደ እሳት የሚያቃጥል በረዶ ሆኖ ጠበቀው።

"አታ! አ - ታ - ጥፋው! በእናትህ! አትሰማኝም?"



ከዚያ ድምፁ መጣ። ከስልኩ አይደለም። ቀበቶ ከታሰረበት ወንበር ነው።

"'ታ'ዋን አልሰማሁም ጋሼ..."

...

"ያኔስ ነበረች?"

ገረመው እዚህ ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የሰው ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ብናገር ይለቀኛል ብዬ አሰብኩ ነው ያለኝ። እኔም እሱን ብሆን ይህንኑ ባሰብኩ ነበር።

ጮኸ። በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

"አልነበረችም! ዋሽቻለሁ! 'አጥፋው' ነው ያልኩህ! ማረኝ ንጋቱ... 'አጥፋው' ነው ያልኩህ!"

ከጎኑ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጆሮውን ነካው።

"እሺ ጋሼ።"

ቁልፉ በእጁ ውስጥ ዞረ።

ሞተሩ ጠፋ።

በረዶ የሚጠርግ ሠራተኛ ያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። በሕይወት ነበር። ሁለት እጁ ቁልፉ ላይ ተጣብቆ፣ በሞቀ ውሃ ነው ያላቀቁት።

ስምንት ጣቶቹ ግን አልተረፉም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል መስማት አይችልም። የማገገሚያ ቤቱ ነርስ ሐበሻ ናት፤ አንድ ቀን ማታ እንደማንኛውም ሰው "ጋሼ፣ መብራቱን ላጥፋው?" ብትለው ከአልጋው ወደቀ።

እኔና የወርቅውሃ ልንጠይቀው ሄደን ይህን ሁሉ የሰማነው ሐምሌ ውስጥ ነው።  እሷ ሰምታ ስትጨርስ ተነሳች።

"ለንጋቱ እናት ትነግራቸዋለህ። አሁን" አለችው።

"የወርቄ፣ እባክሽ..."

"ሴትየዋ ልጄ ጆሮው ደክሞ ሞተ እያሉ ነው የሚያለቅሱት! አሁን!"

እሱ የሚደውልበት ጣት የለውም። እሷ ደወለችለትና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደረቱ ላይ አስቀመጠችው። ልቡ ሲመታ ስልኩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

"እማማ ፋንታዬ... ገረመው ነኝ።"

"ገረመው ልጄ! እንዴት ነህ? አተረፈህ አሉ፣ ተመስገን!"

"እማማ... ያን ቀን ለንጋቱ... 'አጥፋው' ነው ያልኩት።"

ስልኩ ተንጫጫ።

"አዎን ልጄ፣ 'አታጥፋው' ብለኸዋል። ነግረኸናል እኮ።"

"አይደለም! 'አጥፋው'! 'አጥፋው' ብዬ ነው የገደልኩት!"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ 'አታጥፋው' ብለሃል። ራስህን አትጉዳ። እኔ በየቀኑ ስጸልይልህ ነው የምውለው።"

የወርቅውሃ ፊቷን ሸፈነች። እኛ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ጥርት አድርገን ነው የሰማነው። ያለው "አጥፋው" ነው። እሳቸው ጋ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው 'ታ'ዋን ይጨምርበታል። እሱ እየጮኸ በተናገረ ቁጥር እሳቸው ይመርቁታል። አምስት ጊዜ ተናገረ። አምስት ጊዜ መረቁት።

ከዚያ እማማ ፋንታዬ በድንገት ምርቃቱን አቋረጡ።

"...ገረመው?"

"አቤት።"

"አጠገብህ ያለው ማነው?"

እርስ በርስ ተያየን። ከእኔና ከየወርቅውሃ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

"ማንም የለም እማማ።"

"አለ እንጂ" አሉ። "አሁን 'እሺ ጋሼ' ያለው... የልጄ ድምፅ ነው።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ውጭ ሐምሌ ነው። የሳን ሆዜ ፀሐይ አስፋልት ያቀልጣል።

ከገረመው አልጋ አጠገብ ያለው መስኮት ከጥጉ ጀምሮ በረዶ መጋገር ጀመረ... ከውስጥ በኩል። ሦስታችንም ቆመን አየነው። መሐሉ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ በጣት እንደሚጻፍ በቀስታ አንዲት ፊደል ተጻፈች።

"ታ"።