ወፍራሜ በእንግሊዝኛ

«አንድ ይጎድላል» አለ ዳይሮ፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ። «አገናዛቢ ቅጽል አለ፤ 'የኔ' ብለሻል። አመልካችም አለ፤ 'ይህች' ብለሻል። ቁጥሩም አለ። የዓይነት ቅጽሉ የታለ? ሴትዮዋ ምን ዓይነት ናት? መልኳ አልመጣልኝም እኮ።»

«ነበረ። ሰረዝኩት» አለች ዬሊሳ።

ሁለቱ የክፍል ጓደኛሞች የተቀመጡት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ የዬሊሳ አክስት አሬፓ ከምትጠብስበት ምድጃ ጀርባ ነበር። አክስቷ የበቆሎውን ሊጥ በመዳፏ ጠፍጠፍ ታደርግና ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ሲነፋ ታወጣውና ጎኑን ቀድዳ እንቁላል ታፈስበታለች፣ ከዚያ መልሳ ትጠብሰዋለች። በከተማቸው በሎሪካ ይህን እንደ እሷ አቀላጥፎ የሚሠራ የለም። ለእሷ አሬፓ ሲሉ ከወንዙ ማዶ በጀልባ ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

«ወፍራሜ፣ ሁለት!» አለ አንድ ባለሞተር፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

«ቆይ እንጂ አንተ ቀጫጫ! ማን አባረረህ?»

ስሟ ኤቲልቪያ ነው፤ ግን ማንም በዚህ ስም አይጠራትም። መጀመሪያ ወፍራሜ ያላት ሟቹ ባሏ ነበር። ከእሱ ጎረቤቱ ወሰደው፣ ከጎረቤት ገበያተኛው፣ ዛሬ ቄሱም ሳይቀሩ ወፍራሜ ነው የሚሏት። በሎሪካ ሰው በክርስትና ስሙ የሚጠራው ወይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ወይ የሚወደው ሰው ሲቆጣው ነው። አንድ ቀን ዬሊሳ ለቀልድ «ኤቲልቪያ!» ብላ ብትጠራት፣ ሴትዮዋ የያዘችውን ጭልፋ ጥላ «ማን ሞተ?» ብላለች።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ቲቸር ማንሱር ለእንግሊዝኛ ቀን ውድድር አወጡ፤ ቤታችሁ ያለን አንድ ሰው ግለጹ፣ የተማርናቸው የቅጽል ዓይነቶች በሙሉ ይግቡበት አሉ። አንደኛ የወጣ ተማሪ ፕሮቪደንሲያ ደሴት ሄዶ፣ እንግሊዝኛ ከሚናገር ቤተሰብ ጋር አሥራ አምስት ቀን ይከርማል። ዬሊሳ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። እስካሁን እንግሊዝኛ ያወራችው ከመስታወት ጋር ብቻ ነው፣ መስታወት ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ልምምዱን ለማየት የመጡት ዳኛ ሚስ ሄዘር የሚባሉ ካናዳዊት ነበሩ። ተማሪዎቹ በየተራ እየተነሡ፣ ደረታቸውን ነፍተው አነበቡላቸው። «አስቀያሚው አጎቴ» አለ ዳይሮ። «አሮጊቷ እናቴ» አለች ከፊት ያለችው ልጅ። «ራሰ በራው አባቴ»፣ «ጥቁሯ እህቴ»፣ «ቀጫጫው ወንድሜ» እየተባለ ቀጠለ። ሁሉም ቤቱ እንደሚጠራው ነው የጻፈው። የሚስ ሄዘር ጆሮ በርበሬ መሰለ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ዘመዱን የሚወድ የለም?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ ተያዩ። ምን እንዳጠፉ የገባው አልነበረም።

በማግስቱ ደንብ ተለጠፈ። ስለ ሰው ውፍረት፣ ዕድሜ፣ መልክና ቆዳ የሚናገር ቅጽል አምስት አምስት ነጥብ ያስቀንሳል። ክፍሉ በአንድ ቀን ጨዋ ሆነ። የዳይሮ አስቀያሚ አጎትም በአንድ ጀምበር «ልዩ ሰው» ሆኑ።

ቲቸር ማንሱር ዬሊሳን ለብቻዋ ጠርተው አነጋግረዋት ነበር። «ያንቺን የሚያህል ጽሑፍ የለም» አሏት። «ግን አምስት ነጥብ ማለት ውድድሩ ማለት ነው። 'ወፍራም' የሚለውን አውጪና 'ደግ' በይበት። 'ደግ' ማንንም አያስቀይምም።»

«ደግ ደግሞ ናት» አለች ዬሊሳ አሁን ለዳይሮ። «አልዋሸሁም።»

«አቦ፣ የማን አክስት ነው ደግ ያልሆነችው? አሥራ ሁለት ልጅ 'ደግ' ብሎ ጽፏል፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«'አሥራ ሁለት' የቁጥር ነው የመጠን?»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«መልስ።»

«የመጠን?»

«አንተ ደግሞ! አሥራ ሁለት አሬፓ ይቆጠራል፣ ቁጥር ነው። ብዙ ዘይት አይቆጠርም፣ መጠን ነው። ነገ እዚህች ላይ እንዳትወድቅ።»

አክስቷ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወደ እነሱ ዞረች። «ስለኔ ነው አይደል የምታወሩት? ገብቶኛል። 'ወፍራሜ' በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ዬሊሳ በክርኗ ልትጎሽመው ስትል ዳይሮ ቀደማት። «ፋት» አለ።

«ፋት? በቃ? እኔን የምታህል ሴት በዚህች ቁራጭ ቃል?» ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምድጃው ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ፋት አለች ኑ! የፋት አሬፓ ትኩስ ነው!» እያለች ለአላፊ አግዳሚው ትጣራለች። ዘይቱን ስታጠልል ደግሞ ለዬሊሳ እንዲህ አለቻት፦

«ነገ ምድጃውን አላነድም። ከፊት ነው የምቀመጠው። ሌላው ነገር እንደማይገባኝ አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ 'ፋት' ስትይ ግን እኔ ጋ እንደደረስሽ አውቃለሁ።»

አክስቷ ከባሏ ቀብር ወዲህ በሥራ ቀን ምድጃዋን ዘግታ አታውቅም። ዬሊሳ ስለ ደንቡ ልትነግራት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትነግራት ምን እንደምትላት ታውቃለች። «አውጪው ልጄ፣ ደሴትሽን እዪ» ትላታለች፣ ነገም መጥታ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ፣ ያልገባትን ነገር እየሰማች ፈገግ ትላለች። ዬሊሳን የከበዳት ይኸው ነው። እንዲያው ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማራገቢያዎቹ ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሱታል እንጂ አያቀዘቅዙትም። አክስቷ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ከዳይሮ እናት ጎን የፊተኛውን ወንበር ይዛለች። ሚስ ሄዘር ከጥግ ባለው ጠረጴዛ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ዬሊሳን ሲያዩ ፈገግ አሉላት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

ከእሷ በፊት ዳይሮ ወጣ። ቁጥሩንም መጠኑንም አልሳተም። «ልዩው አጎቴ» ብሎ ሲጨርስ ተጨበጨበለት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት አጎቱም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ጎናቸው ጎንበስ ብለው «ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ስለ ማን ነው ያወራው?» ሲሉ ዬሊሳ ከመድረኩ ሥር ሆና ሰማቻቸው።

ስሟ ተጠራ።

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ዝቅ አደረገችው። «ይህች ሴት» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ «የኔ አክስት ናት።» አመልካች፣ አገናዛቢ፤ እስከዚህ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አክስቷ ከወንበሯ ጫፍ ደርሳለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። ከሚመጡት ቃላት መሀል አንዲቷን ብቻ ነው የምታውቀው።

ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለው ቃል «ደግ» ይላል። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው፤ ቲቸር ማንሱርም ከጎኑ የራይት ምልክት አድርገውበታል።

ዬሊሳ ደሴቱን አሰበች። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ከፊቷ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ማይ ፋት ኦንት» አለች፣ ቃሉን ረገጥ አድርጋ፣ ከኋላው ረድፍ እስኪሰማ።

የሚስ ሄዘር እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ አየችው። በዚያው ቅጽበት ግን አክስቷ የዳይሮን እናት ክንድ ለቀም አደረገች።

«እኔ ነኝ!» አለች፣ አዳራሹ ሙሉ እስኪሰማ። «ሰማሽ? እኔ ነኝ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ ከኋላ «ወፍራሜ!» ብሎ ጮኸ። ዬሊሳ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ አልዞረችም። ሳቁ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ከፊተኛው ወንበር ሳታነሳ ወደ ቁጥሩ አለፈች። «አምስት ልጆች አሳድጋለች» አለች በእንግሊዝኛ፣ «እኔ አምስተኛዋ ነኝ።»