ሰማያዊ ክር

ደወል ብልቃጡን በእርሳሷ ጫፍ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ውስጡ ያሉት ሃያ የፍራፍሬ ዝንቦች እየተንገዳገዱ ተነሱ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዱና መልሰው ቆሙ።

«ተነሱ እንጂ!» አለች ሬዲዮ ከጎኗ። «ታናሽ እህቴን ቁርጥ! እሷም ፊቷን እየታጠበች ነው የምትተኛው።»

ሬዲዮን ሬዲዮ ያላት ክፍሉ ነው፤ ዝም ስትል ያያት ሰው ስለሌለ። ደወል የሚለው ስም ግን ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ድረስ የተከተላት ነው። ያወጣላትም አባቷ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብልቃጦች አሉ። አንገታቸው ላይ ክር ታስሯል፦ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ። የነጩ ክር ዝንቦች ሌሊቱን በሰላም ተኝተው ያደሩ ናቸው። የቀዩ ክር ብልቃጥ ግን የባዮሎጂ መምህሩ ከአሮጌ ማራገቢያ ሞተር በሠሩት መንቀጥቀጫ ላይ ሲናወጥ አድሯል፤ ከነጋ ወዲህ ደግሞ የደወል እርሳስ ተረክቦታል። ሰማያዊውን ማንም አልነካውም። እዚያ ውስጥ ያሉት መምህሩ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ለምነው ያመጧቸው ዝንቦች ናቸው። ከወላጆቻቸው አንድ የተለወጠ ጂን ስለወረሱ፣ ሌላው ከሚተኛው ሲሶውን እንኳ አይተኙም።

«ይበቃል፤» አሉ መምህሩ። «ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነካቸው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ያልተንቀሳቀሰውን ዝንብ ተኝቷል ብላችሁ መዝግቡ።»

«ቲቸር፣ የቱ እንደሆነ በምን እንለየዋለን?» አለች ሬዲዮ። «ሁሉም ሰሊጥ ነው የሚመስለው!»

«አንቺማ የዝንብ ጠንጋራ ትለያለሽ። ለእሱ አላስብም።»

ክፍሉ ሳቀ። ደወል ግን አልሳቀችም፤ እያዛጋች ነበር። ከብልቃጦቹ አፍ የእርሾ ሽታ ይመጣል። የዝንቦቹን ምግብ ለመሥራት እርሾውን ያመጣችው እሷ ናት፣ አባቷ ከሚሠራበት ዳቦ ቤት። ሽታው የአባቷን ሸሚዝ ነው የሚያስታውሳት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቆጠሩ። በነጩ አራት ተኝተዋል፤ በቀዩ አስራ ሰባት። በሰማያዊው አንዲት ብቻ ቆማለች፣ እሷም ሬዲዮ መዝግባት ሳትጨርስ መራመድ ጀመረች።

«እንቅልፍ ሲነጥቁት ቂም የሚይዝ ነገር ነው፤» አሉ መምህሩ የቀዩን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አቅርበው። «ዝንብም ይሁን አይጥ፣ ወፍም ይሁን ሰው፣ የተነጠቀውን ካልመለሰ አይተውም።»

ደወል እጇን አወጣች። እጅ የምታወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች።

«ቲቸር፣ እንደ ሰማያዊ ክር ያለ ሰው አለ?»

«አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። እሱም በዘር ነው የሚመጣው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን ብለን እናስባለን እንጂ…» ፈገግ አሉና የቀዩን ብልቃጥ ነቀነቁት። «እዚህ ውስጥ ነን።»

«በምን ይታወቃል?»

«በመተው። ተዪውና እዪው። በተፈጥሮው ትንሽ የሚተኛ ከሆነ ማንም ሳይቀሰቅሰው በሰዓቱ ይነሳል። የተነጠቀ ከሆነ ግን ይተኛል፣ ደግሞም ይተኛል። ብቻ ሰማያዊ መሆንም ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ እነዚህ ዝንቦች ከሌሎቹ ቀድመው ነው የሚሞቱት።»

ደወል የመጨረሻውን አልጻፈችውም። እርሳሷን ደብተሩ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች።

*

ቤት ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በሩን ገፋ ከማድረጓ በፊት ጫማዋን አወለቀች። መስኮቱ ላይ የዱቄት ከረጢቶች ተሰፍተው መጋረጃ ሆነዋል። በጨለማው ውስጥ አባቷ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ክንዶቹ ላይ የምድጃ ጠባሳ እንደ መሰላል ተደርድሯል፣ ቅንድቡ ላይ ሳይታጠብ የቀረ ዱቄት አለ።

ሌሊቱን ዳቦ ይጋግራል። ሲነጋ ልብሱን ይቀይርና የተማሪዎች ሰርቪስ ይነዳል። ያችን ሚኒባስ የያዘው የቤት ኪራዩ ከጨመረ ወዲህ ነው። ከዚያ ተኝቶ፣ ስምንት ተኩል ላይ ተነስቶ፣ ሕፃናቱን ወደየቤታቸው ይመልሳል። አራት ሰዓት እንቅልፍ ካገኘ ያ ቀን የድል ቀን ነው። የስልኩን ማንቂያ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ የደወል ሥራ ይህ ነው፤ ሌላው ልጅ ዕቃ ያጥባል፣ እሷ አባቷን ትቀሰቅሳለች።

ስምንት ተኩል ሲሆን የእግሩን መዳፍ በጣቷ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠዋት በእርሳስ ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

«ነቅቻለሁ፤» አለ አባቷ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ነቅቻለሁ ደወሌ።» ከዚያ ተቀመጠ፣ እንደገና ሊወድቅ አለና ግድግዳውን ያዘ። «የሚኒባሷ ረዳት ዛሬ አትመጣም። አብረሽኝ ነይና በር ትከፍቺልኛለሽ።»

ሚኒባሷ ሞልታ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ የጓደኛውን ጥርስ መውለቅ ያብራራል። ሙቀቱ ያፍናል። ደወል ከፊት ወንበር ላይ ሆና የሚያልፈውን ግንብ እያየች ሳለ አንድ ነገር የአባቷን እስትንፋስ እንድትሰማ አደረጋት። ረዝሟል። ዞር ስትል ዐይኖቹ ተከፍተዋል፤ ግን መብራቱ ጠፍቶ በሩ ያልተዘጋ ቤት ይመስላሉ።

ሚኒባሷ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ከፊት፣ የመንገዱ ዳር ላይ፣ አንድ ሰውዬ ብስክሌት እየገፋ ይሄዳል።

«አባዬ!» ጉልበቱን ሦስት ጊዜ መታችው።

አባቷ መሪውን ጠመዘዘ። ጎማው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ፈትጎ ዘለለና ተመለሰ። ሰውዬው ብስክሌቱን ጥሎ ግንቡ ላይ ተለጠፈ። ከኋላ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ከዚያ ሳቁ።

«እንደገና! እንደገና!» አለ ማሙሽ እያጨበጨበ።

አባቷ ጥግ ይዞ ቆመ። የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ አናቱ ላይ አፈሰሰ። ሕፃናቱን ሁሉ በየቤታቸው፣ ማሙሽንም ደጃፋቸው ላይ አወረደ።

«ነቅቼ ነበር እኮ፤» አለ በመጨረሻ። «ፀሐይዋ ናት። ዐይኔን ወጋችኝ።»

ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች።

«ይቺን ለእናትሽ አትንገሪያት፣ እሺ? እሷም ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። ሌላ ጭንቀት አልጨምርባትም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደግሞ የእኛ ዘር እንቅልፍ አይፈራም። አያትሽ ለሦስት ሰዓት ጋደም ብሎ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚነሳው። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤» አለች ደወል። ያን ማታ እናቷ ገብታ «እንዴት ዋላችሁ?» ስትል «ደህና» አለች። ሰማያዊ ክር፣ ብላ አሰበች ተኝታ። ምናልባት ሰማያዊ ክር ነው።

*

ቅዳሜ ማታ ዳቦ ቤቱ አይጋግርም። አባቷ አራት ሰዓት ላይ ራቱን ሳይጨርስ ተኛ። «ጠዋት በሦስት ሰዓት ቀስቅሺኝ፤» አለ ዐይኑ እየተከደነ። «ጎማውን ማስጠገን አለብኝ።»

እሁድ ጠዋት እናቷ ማሙሽን ይዛ እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ማሙሽ በጓዳው የተከደነውን ሊጥ ገልጦ በጣቱ ሲወጋው አገኘችውና አባረረችው።

«አባትህ ያለህን ረሳኸው? ሊጥ ከነካካኸው አይነሳም!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ደወል የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ከአልጋው ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ገለጠችና «አባዬ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ «የተኛበት፦ ማታ 4 ሰዓት»። በራሷ ላይ ሳቅ ያዛት። ሬዲዮ ብታያት ዓመቱን ሙሉ አትለቃትም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። በሰዓቱ ተነስ፣ አለችው በልቧ። ራስህ ተነስ፣ እንደ አያቴ።

አራት ሰዓት። አምስት። ከደጅ ልጆች ኳስ ግድግዳው ላይ ሲያላትሙ ወጥታ በእጇ ምልክት አባረረቻቸው። ስድስት ላይ አባቷ ሲገላበጥ እርሳሷን አነሳች። «ነቅቻለሁ፤» አለ ለትራሱ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጭልጥ አለ።

ማንም ሳይነካው፣ እንቅልፉ መካከል ሆኖ እንኳ፣ ነቅቻለሁ ይላል። ደወል መልሱን ለማወቅ ከዚህ በላይ መጠበቅ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሆኖም ጠበቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ስንት ሰዓት ነው? ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ረሳሁ።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሟል። ልትለየው ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ከዐይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ሳስቷል፣ ሌላ ሰው፣ ከአባቷ ብዙ ዓመት የሚያንስ ሰው ይመስል ነበር።

«ደወሏም ዝጋለች ማለት ነው፤» አለ እየተንጠራራ። «የሚበላ ምን አለ? በሬ እበላለሁ ዛሬ።»

ከወራት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። ደብተሯ ላይ «17 ሰዓት» ብላ ጻፈችና ዘጋችው። ሰማያዊ ዝንብ እንደዚህ አይተኛም።

*

ሰኞ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ደወል ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ሌሊቱን ጋግሯል፤ ጠዋት ነድቷል። አንዲት እሁድ የሰጠችውን አንዲት ሌሊት መልሳ ወስዳዋለች፤ ጥቁረቱ ከዐይኑ ሥር ተመልሷል። ጠዋት ሚኒባሷ ማሙሽን ይዛ ኩርባውን እስክትዞር ድረስ ደጅ ቆማ አይታቸው ነበር።

ስምንት ተኩል ሆነ። ጣቷን ወደ እግሩ መዳፍ ዘረጋች።

ብትቀሰቅሰው ይነሳል። ነቅቻለሁ ይላል። ይሄዳል።

ጣቷን ሰበሰበች። ከትራሱ ጎን ስልኩን አንስታ በባዶ እግሯ ወደ ደጅ ወጣችና የሰርቪሱን ባለቤት ቁጥር ፈለገች።

«አቤት፣ የት ደረስክ?» አለች ሴትየዋ ወዲያውኑ። ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«እኔ ነኝ እትዬ። ልጁ ነኝ። አባዬ ዛሬ አይመጣም።»

«ምን ማለት ነው አይመጣም? አሞታል እንዴ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አዎ ቀላል ቃል ነው፤ ነገ ሁሉም ይረሳዋል፣ ሥራውም አይነካም። ደወል ግድግዳውን ተደገፈች። ምን ያህል እንደደከማት ገና አሁን ታወቃት።

«አልታመመም፤» አለች። «ተኝቷል።»

«ታዲያ ቀስቅሺዋ የኔ እናት! ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል እኮ!»

«አልቀሰቅሰውም እትዬ።» ድምጿ ቀጭን ሆነ፤ ግን አልተቋረጠም። «ሐሙስ ዕለት መሪ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ወሰደው። ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። ወንድሜም ነበር። ሰው ልንገጭ ነበር።»

ከሴትየዋ ኋላ አንድ ሕፃን «ጥርሴ! ጥርሴን ጣለብኝ!» እያለ ያለቅሳል።

«አባትሽ ያውቃል መደወልሽን?» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። ድምጿ የተቆጣም ያልተቆጣም አይመስልም።

«አያውቅም። ሲነሳ እነግረዋለሁ። ለእናቴም እነግራታለሁ።»

«እሺ። ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ። ነገ መጥቶ ያነጋግረኝ።» ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ጨመረች፦ «ራሱ ሲነሳ።»

ደወል ተመልሳ ገባች። ስልኩን ድምፁን አጥፍታ ከትራሱ ጎን አስቀመጠችው። የከረጢቱ መጋረጃ ጫፉ ላይ ተነስቶ አንዲት ቀጭን የፀሐይ መስመር ፊቱ ላይ ወድቃለች፤ መጋረጃውን ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ገለጠች፣ ሰዓቱን እያየች ጠበቀች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አልተንቀሳቀሰም።

«ተኝቷል» ብላ ጻፈች። እርሳሷንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።