ስሜን ፋይሉ ላይ ጨምሪ

«ኤልሲ፣ ፋይሉን ቶሎ ላኪልኝ። ስሜን መጨመሩን ደግሞ እንዳትረሺ!»

እማማ ወርቂቱ ይህን የሰሙት በረንዳ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ነው። የልጅ ልጃቸው ኤልሳቤት ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ አስቻለው ከሚባለው ጓደኛዋ ጋር ታወራ ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ከእጃቸው አመለጠ።

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ለሚኖር ስደተኛ ፋይል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ውጭ አገር የመሄጃ ተስፋ። የእሳቸውና የኤልሳቤት ፋይል ጊጊሪ ካለው የስደተኞች ቢሮ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ግን ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ወሬው ቸርች ውስጥ እንደተሰማ፣ ሰላም ብሏት የማያውቅ ጎረምሳ ሁሉ የኤልሳቤትን ቦርሳ ካልያዝኩ ማለት ጀመረ።

አስቻለውስ ከእነሱ በምን ይለያል?

እሱና ኤልሳቤት የተገናኙት ማታቱ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሸርተቴ አናት ላይ ወጥታ መውረድ የፈራች ትንሽ ልጅ ይስል ነበር። ኤልሳቤት አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆየችና «ለምንድነው የማትወርደው?» አለችው።

«ምን ብዬ እንደማወርዳት ጠፍቶኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ይስላል፣ እሷ ትጽፋለች። የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ትንንሾቹ አይተውት፣ የፈሩትን ነገር እንዲሞክሩ ነው አሉ። እማማ ወርቂቱ አልተዋጠላቸውም። ጢሙን ያሳደገ ሰው ቀኑን ሙሉ የልጅ ሥዕል ሲስል ይውላል?

ቅዳሜ አስቻለው ሥዕሎቹን በብብቱ ይዞ መጣ። ኤልሳቤት ሻይ ልትጥድ ገባች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። የቸኮልከው አንተ ነህ። ስምህ የሚጨመረው የትኛው ፋይል ላይ ነው?»

አስቻለው ግራ ገባው። «የመጽሐፋችን ፋይል ላይ ነዋ! የራሷን ስም ብቻ ጽፋ ልትልክልኝ ስትል ነው የደረስኩባት።»

ሥዕሉን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከሥሩ የተጻፈውን አነበቡ፤ «መጀመሪያ አንድ እግር። ከዚያ እናያለን።» ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት።

«እሺ። የእኛን ፋይልስ አትፈልገውም?»

አስቻለው መልሱን ትቶ ሥዕሎቹን መደርደር ጀመረ። እማማ ወርቂቱ ይህንኑ ያዙበት።

«አየህ! ያልኩት አልቀረም!»

«እኔ ነኝ የለመንኩት!» ኤልሳቤት ማንኪያ እንደያዘች ብቅ አለች። «እንጋባና አብረን እንሂድ አልኩት። እምቢ አለኝ።»

«እምቢ? አንቺን? ምን ጎደለሽና?»

«ፋይላችሁ ላይ ትዳር ከተጨመረ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል ይላሉ፣» አለ አስቻለው መሬት መሬት እያየ። «እማማ፣ በእኔ የተነሳ እርስዎን ስንት ዓመት ላስጠብቅ? ትሂድ። እኔ እዚሁ…»

እማማ ወርቂቱ ተጠራጠሩ። ይሄም ብልጠት ቢሆንስ? ፊቱን አዩ፣ እጁን አዩ። ቀጥለው የልጅ ልጃቸውን አዩ። ኤልሳቤት እሱን ነበር የምታየው፤ ማንኪያው የያዘው ስኳር ወለሉ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን እንኳ አላወቀችም። እንዲህ ሆና አውሮፕላን ብትሳፈር ምኗ ነው የሚሄደው?

«ለትንንሽ ልጆች ድፍረት ትስላለህ፣ ለራስህ ሲሆን ግን…» አለችው ኤልሳቤት።

«ተይው አንቺ፣ አትነዝንዢው።» እማማ ወርቂቱ ደብተርና እስክርቢቶ አነሱ። «ሙሉ ስምህን ንገረኝ። ከነአያትህ።»

«እማማ፣ እንደገና ስንት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል…»

«ጠየቅኩህ እንዴ? ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው መጠበቅ አታስተምረውም። ቀስ ብለህ ጥራልኝ፤ እዚያ ቢሮ አንድ ፊደል ከሳቱ ሌላ ሰው ያደርጉሃል። የልደት ካርድህንም ዋናውን ነው የምታመጣው፤ ኮፒ እኔ አልቀበልም!»

«አስቻለው…» አለና ኤልሳቤትን አያት። «አስቻለው ሐብተማርያም…»

ኤልሳቤት እጁን ያዘችው።

እማማ ወርቂቱ እንዳላዩ ሆነው ደብተሩ ላይ አቀረቀሩ።

«አያትህስ?»