የምርቃት ክንድ

ሸምሲያ ከጎንደር ይዛው የወረደችውን ሸራ ከአያ በላቸው ታንኳ ላይ ስትሰቅል የጎርጎራ ወደብ ሰው ሁሉ ሳቀባት። ይሳቅ! የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ራሷ ለክታ ራሷ ሰፍታዋለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ወለተሩፋኤል የተባለች የአስጎብኚ ድርጅት ኃላፊ እንግዶቿን ሩቅ ወዳለችው ደሴት የሚያደርስላት ትፈልጋለች። የደንገሏ ታንኳ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ከደረሰች ሥራው የታንኳ ቀዛፊዎች፣ ካልደረሰች የባለሞተሩ የምንዳዬ ነው። አርባ ዓመት የቀዘፉት አያ በላቸው ዛሬ ከተሸነፉ መቅዘፊያቸውን እንደሚሰቅሉ ተናግረዋል።

ማለዳ ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ሞላውና ታንኳዋ ተፈተለከች። ሸምሲያ ደስታዋን ሳትጨርስ ነፋሱ በረታ፤ ታንኳዋ አዘነበለች፣ ውሃ ገባባት። ሸራው ከልኩ በላይ ሰፍቶ ነበር። በአባቷ ሱቅ ለደንበኛ አንድ ክንድ መመረቅ ለምዳ፣ ለሸራውም መርቃለታለች።

«ቁረጪው ልጄ» አሉ አያ በላቸው። «ባሕር ምርቃት አይወድም።»

በመቀሷ ሸረከተችው። ቁራጩን ግን አልጣለችም፤ ጨርቅ የሚጥል ነጋዴ ገና አልተወለደም።

አራት ሰዓት ላይ ጉማሬ ከፊታቸው ብቅ አለ። አያ በላቸው መቅዘፊያቸውን ከውሃ አወጡ። ሸራው ያለ አንዳች ድምፅ አሳለፋቸው።

ምንዳዬ ወለተሩፋኤልን አሳፍሮ ከኋላቸው ሞተሩን እያስጓራ ሲመጣ ግን አውሬው ተቆጣ። ምንዳዬ ሊያመልጥ ጀልባውን ሲጠመዝዝ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። አረሙ በሞተሩ ላይ ተጠመጠመና ሞተሩ ቀጥ አለ። ጉማሬው ዳር ዳሩን ይዞር ጀመር።

«ካለፍናቸው በሰዓቱ እንደርሳለን» አለች ሸምሲያ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፈረች።

«እንደርሳለን። ከዚያስ በምን ዓይኔ ጎርጎራ እገባለሁ?» አሉ አያ በላቸው።

ሸምሲያ የተረፈውን የሸራ ቁራጭ ሰንጥቃ፣ ቀጣጥላ ገመድ አድርጋ ገመደችው። ቀላሏ ታንኳ በእምቦጩ ላይ ተንሸራታ ገባች፤ ገመዱን ከጀልባው አፍንጫ አሰሩት። ነፋሱ እየጎተታቸው ከአረሙ ወጡ፣ ጉማሬውም ከኋላ ቀረ። እኩለ ቀን ሲሆን ነፋሱ ዞረባቸው። ሸራውን አውርደው ጀልባውን እየጎተቱ ቀዘፉ። መርፌ እንጂ መቅዘፊያ የማያውቀው የሸምሲያ መዳፍ ተልጦ ደማ፤ አልተወችም።

ደሴቷ ሲደርሱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ምንዳዬ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ሸምሲያ ሰው እስኪነግራት አልጠበቀችም።

«ሰዓቱ አልፏል» አለች።

«አልፏል» አለች ወለተሩፋኤል። «እኔ ግን እዚህ በምን ደረስኩ?» ይህን ብላ ውሉን ከቦርሳዋ አወጣችና በአያ በላቸው እጅ አስቀመጠችው።

ሸምሲያ በኩራት አለቀሰች። አያ በላቸው ያን ጭቃ የጠጣ ገመድ ፈተው፣ አጥበው፣ ታንኳዋን እንድትደርቅ ለፀሐይ ካቆሙ በኋላ ወደ እሷ መጡ። የወደቡ ታንኳዎች ሃያ መሆናቸውን ነግረው ለሁሉም ሸራ እንድትሰፋ አዘዟት።

«በልክ ነው የምሰፋው፣ አይስጉ» አለች።

«ሸራውንስ በልክ ስፊው» አሏት። «የምርቃቷን ክንድ ግን ለብቻ ጠቅልለሽ ለእያንዳንዱ ታንኳ ስጪ።»