የተቆለፈው የመብራት ሳጥን

ያሬድ የተገኘው በመሃል ከተማው መስቀለኛ መንገድ፣ ከትራፊክ መብራቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ሥር ተዘርሮ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። የመታው ሰው ከወደቀም በኋላ አልማረውም፣ ደጋግሞ ወርዶበታል። ደሙ እስከ እግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ፈስሷል።

ኢንስፔክተር ታቢታ ስትደርስ «ገዳዩ ተይዟል» አሏት። ሔኖክ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። የሰባት ዓመት ልጁ ሩታ ከአሥር ቀን በፊት እዚሁ ማቋረጫ ላይ ተገጭታ ሞታለች። የመብራቱ ተራ ከተቀየረ ወዲህ ለእግረኛ አረንጓዴ ሲበራ፣ ወደ ግራ ለሚታጠፍ መኪናም አብሮ ይበራል። ይህን ያመጣው ጭንቅላት ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው! ሰፈርተኛው ግን ቶሎ ተማረ፤ አረንጓዴ ሲበራ ቆሞ ወደ ግራ ያያል እንጂ እግሩን አያነሳም።

«ትናንት አንቀኸዋል ይላሉ» አለችው ታቢታ።

«አንቄዋለሁ። መብራቱን የቀየረው ቴክኒሻን እሱ ነው፣ ልጄን የገደላት እሱ ነው። ዛሬ ግን ወድቆ ሲያቃስት አገኘሁት። ቀና ባደርገው እጄ ላይ ሞተ።»

ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ሐጂ አብዱልፈታህ ያዩት ሔኖክ ሬሳውን ታቅፎ ሲጮህ ብቻ ነው። የያሬድ አለቃ ኢንጂነር ዕፀገነት ግን ምንም አልተጠራጠረችም።

«ስልክ ተደውሎልኝ ከታቦር ሰፈር አሁን መድረሴ ነው። ያሬድ መብራቱን ወደ ቀድሞው ሊመልስ ነበር የመጣው። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፣ ሳይጀምር ገደለው።»

«መብራቱ ያን ያህል ያስፈራል?»

«እኔን ራሴን ትናንት ባጃጅ ሊደፋኝ ነበር! አረንጓዴ አይቼ ገብቼ!»

ታቢታ የያሬድን ኪሶች ፈተሸች፤ የሳጥኑ ቁልፍ የለም። ከዚያ መብራቱን ብዙ ዙር ቆማ አየችው።

«እንሻገርና ሐጂ በረንዳ ላይ እንነጋገር» አለች።

አረንጓዴ በራ። ሐጂ ቆሙ። ሔኖክ ቆመ። የያዘው ሳጅን እንኳ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ቆመ። ዕፀገነት ብቻ ግራ ቀኝ ሳትል ተሻገረች።

በረንዳው ላይ ሁሉም ሲሰበሰቡ ታቢታ ጠየቀቻት።

«ትናንት ሊገድልዎት የነበረውን መብራት ዛሬ ምነው አመኑት?»

«አላስተዋልኩም።»

«ያሬድ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው። ቆሜ አይቻለሁ፤ እግረኛ ሲሻገር የግራ ታጣፊው አሁን ቀይ ነው። ሳጥኑ ስለተቆለፈ ግን ሁላችሁም አልተነካም ብላችሁ አመናችሁ፣ ለዚህም ሔኖክና ሐጂ ቆሙ። መመለሱን የሚያውቀው ያሬድ ሲመልሰው ያየ ሰው ነው። ያ ሰው ገደለው፣ ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን ወሰደ።»

ሳጅኑ የዕፀገነትን መኪና ኋላ ሲከፍት ደም የነካው የጎማ መፍቻና የሳጥኑ ቁልፍ በጨርቅ ተጠቅልለው ተገኙ።

«መመለሱ እኮ ልጅቷን የገደልናት እኛ ነን ብሎ መፈረም ነው!» ብላ ጮኸች ዕፀገነት። «ቀይረው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አደጋ አለው፣ አይቀየር ብሎ የጻፈልኝን ደብዳቤ ለፍርድ ቤት እሰጣለሁ አለኝ!»

ሔኖክ ተወርውሮ በታሰሩ እጆቹ ፊቷን መታት። ሦስት ፖሊሶች ናቸው ያላቀቁት። ካቴናው ሲፈታለት ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ያሬድ አይቀየር ብሎ ጽፏል?»

«ጽፏል» አለች ታቢታ።

«ትናንት አንቄው ፊቱ ላይ ተፋሁበት እኮ።» ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተነሳ። «ለቅሶው የት ነው?»