ያልተጠየቀ ዕድሜ

ሩመይሳ ሰውዬውን ሳትጠይቅ ዕድሜውን ጻፈችለት፤ ሃምሳ አምስት።

ምን ታድርግ? ካርዱ ላይ የዕድሜው ቦታ ባዶ ነው፤ ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከፀጉሩ እስከ ጺሙ የተፈለቀቀ ጥጥ ነው። ከሚሴ ውስጥ እንዲህ ላለ ጺም ወንበር ይለቀቅለታል እንጂ ዕድሜው አይጠየቅም።

«አካም ቡልተኒ፣ ደህና አደሩ አባባ? እስቲ ክንድዎን» አለችው። ላቦራቶሪው በወረፋ ተጨናንቆ ስለነበር ፊቱን በቅጡ አላየችውም።

«ናጋ፣ ልጄ» አለ ሰውዬው። ድምፁ ውስጥ የታፈነ ሳቅ የሰማች መሰላት። ክንዱን በላስቲክ ስታስረው ደግሞ እጇ ቆም አለ። ክንዱ የሽማግሌ ክንድ አልነበረም። ወረፋ ግን ለመደነቅ ጊዜ አይሰጥም፤ ደሙን ቀዳችና ወደሚቀጥለው ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ሊወስድ መጣ።

«አሥራ ዘጠኝ። ለዕድሜዎ ደህና ነው፣ አባባ።»

«ለየትኛው ዕድሜዬ?»

«ለሃምሳ አምስትዎ።»

«ሱብሐነላህ! ሃያ ስድስት ዓመት መረቅሽልኝ። እኔ እኮ ሃያ ዘጠኝ ነኝ።»

ያኔ ቀና ብላ አየችው። ከጥጡ ሥር ሁለት ወጣት ዓይኖች ይስቁባታል። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ የመጣባት ሐሳብ ግን ከሐፍረቱም የባሰ ነበር።

«ቆይ! እንዳትሄድ!» አለችው። አንቱታው እዚያው ወድቆ ተሰበረ። «አሥራ ዘጠኝ ለሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ደህና ነው። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ግን ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ደም በአንድ ሰዓት ቱቦ ውስጥ የሚወርድበት ልክ ነው፤ ያንተ ቶሎ ቶሎ ወርዷል፤ ይሄ ደግሞ ሰውነትህ ውስጥ የተቆጣ ነገር ሲኖር የሚመጣ ነው።»

«ታዲያ ሃምሳ አምስቱን ብንተወው ምን አለበት? ደህና ነበርኩ እኮ።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ሰውዬው ሙስዐብ ይባላል፤ በቦርከና ወንዝ ዳር የገበሬውን የውኃ ፓምፕ እየጠገነ የሚኖር፣ ምሳው ብስኩትና ለስላሳ የሆነ ሰው። ይዛው ወደ ሐኪሙ ተመለሰች። የተቆጣው ነገር ተገኘ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ይተወኛል» እያለ የተሸከመው የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ ነበር። ተነቀለ።

በየወሩ ለምርመራ መጣ። አሥራ ዘጠኙ አሥራ ሁለት ሆነ፤ አሥራ ሁለቱ ሰባት። ብስኩቱን ትቶ ምስርና ጎመን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል ጀመረ። ድካሙም ለቀቀው።

«ፀጉሬስ ወደ ጥቁሩ መቼ ይመለሳል?» አላት አንድ ቀን።

«እሱ አይመለስም። አባትህም እንዲሁ ነበሩ አላልከኝም?»

«በሃያ ሁለታቸው ሸበቱ። አያቴም። አያቴ ሰማንያ ስምንት ሞልቷቸው ባለፈው ሳምንት ያመለጠ አህያ ሮጠው ይዘዋል።»

«አየህ? ፀጉር የሚነጣው ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሥራ ሲያቆሙ ነው። እናንተ ቤት በዘር ነው፤ ቶሎ ጡረታ ይወጣሉ። የቀሩት ሴሎችህ ግን ወሬውን አልሰሙም። እነሱን የሚያስረጃቸው ሌላ ነው። ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን የሚነድ ቁጣ፣ ምሳ እየዘለሉ መዋል…» ንግግሯን አልጨረሰችም። እንደዚያ አድርጎ የሚያዳምጣት ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

በአራተኛው ወር ያለ ማዘዣ መጣ።

«ምን ልትመረመር ነው?» አለችው።

«ምንም። ዛሬ እንኳ ትጠይቂኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ምሳ በልተሃል ወይ ብለሽ።»

ሩመይሳ ጓንቷን አወለቀች። «በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

እሷም አልበላችም ነበር።

ከሚሴ ደግሞ ወሬዋ ከባጃጇ ይፈጥናል። ሳምንት ሳይሞላው የሩመይሳ አባት፣ የከብት ነጋዴው ጋሽ ዓብዱልመጂድ፣ ሰንበቴ የከብት ገበያ መሐል ቆመው «ልጅህ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ምሳ ስትበላ ታየች» ተባሉ። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ሚስቱ ሞታበት ነው ወይስ ሁለተኛ ሊያደርግሽ?»

«አባዬ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ እኮ ነው!»

«ሃያ ዘጠኝ ልጅ አለው በይኝ፣ እሱን አምናለሁ።»

ቁጣቸው የኩራት ቢሆን ይቀላት ነበር። እህታቸው አሻ በሃያ ዓመቷ ለሽማግሌ ተድራ፣ በሠላሳዋ አራት ልጅ ታቅፋ መበለት ሆናለች። «የአሻን ባል በዚህ እጄ ቀብሬያለሁ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሁለተኛ አልቀብርም። ሽማግሌ ይላክ፤ አንድ ጊዜ እሰማለሁ። እምቢ ካልኩ ግን ስሙ እዚህ ቤት አይነሳም።»

ሩመይሳ የአባቷን አንደበት ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ካሉ አንድ ጊዜ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከስግደት በኋላ መጡ። መሪያቸው የሙስዐብ አጎት ሼህ ሰይድ ናቸው፤ ሁለት ጎረቤቶች ተከትለዋቸዋል። ሙስዐብ በተዋሰው ባጃጅ አድርሷቸው ውጭ ሊጠብቅ ነበር፤ ጠያቂው ራሱ አይገባማ። ሩመይሳ ከእናቷ ከዙበይዳ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ፣ አባቷ እንግዳ ሊቀበሉ ሲወጡ ሰማች።

«ያ ረቢ! እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በሬ ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ፍራሽ ላይ ልደላደል? ይግቡ! ወላሂ ካልገቡ እኔም አልገባ!»

በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቀች። አባቷ ሙስዐብን እጁን ይዘው እየጎተቱ ከሁሉም በላይ፣ ከትልቁ ትራስ አጠገብ አስቀመጡት። ሁለቱ ጎረቤቶች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ዙበይዳ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«ሼህ ሰይድ፣ አንቱ አጎት ነዎት፤ አጎት ደግሞ ያደላል» አሉ አባቷ። «እኚህ ሰው ግን ፊታቸው ላይ ኑር፣ የአላህ ብርሃን አለ። እሳቸውን ልጠይቅ።»

ሼህ ሰይድ ጺማቸውን ዳበሱ። «ይጠይቋቸው። ልጁን ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።»

«ያውቁታል?»

«ከተወለደ ጀምሮ» አለ ሙስዐብ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ሚስት አለው?»

«ኖሮት አያውቅም።»

«ጉድለቱስ? እንዳይደብቁኝ።»

የሙስዐብ ዓይን ወደ መጋረጃው ሥር ወረደ። ሩመይሳ እግሯ እንደሚታይ ያኔ ገባት፤ ጣቶቿን ሰበሰበች፣ እግሯን ግን አልሸሸገችም።

«ራሱን አይጠብቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ታሞ ዝም አለ። የሰው ፓምፕ ሲጠግን ምሳውን ይረሳል። በልተሃል ወይ ብላ የጠየቀችው አንዲት ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ እሷ ካልጠየቀችው እህል አይጣፍጠውም።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ልጅ ይመስላል። አንድ ነገር ቀረኝ። ያዩት ሁሉ ሽማግሌ ነው ይሉታል። እስቲ አንቱ ይንገሩኝ፤ መልኩ ማንን ይመስላል?»

እሺታው ከአባቷ ከንፈር ላይ ሊወርድ ተቃርቦ ነበር። «አባቱን» ቢል በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ሩመይሳ መጋረጃውን ጨበጠች፤ እንዲለው እንደምትመኝ ወይም እንደምትፈራ ራሷም አላወቀችም።

ሙስዐብ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔን ይመስላል፣ አባባ። እኔው ነኝ። እጄን ሲይዙኝ እምቢ ማለት ከበደኝ እንጂ ወላሂ ላታልልዎ አልመጣሁም።»

ዓብዱልመጂድ ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት።

«አፍህን ክፈት።»

«ምን?»

«ክፈት እንጂ!»

አርባ ዓመት በሰንበቴ የበሬ ከንፈር የገለጠ አውራ ጣት የሙስዐብን ከንፈር ገለጠ። ላዩንም ታቹንም መረመሩ።

«የወጣት ጥርስ ነው፤ አልተበላም» አሉ ለራሳቸው። «አንዱ መንጋጋ የት ሄደ?»

«ልጅዎ አስነቀለችው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሼህ ሰይድ ናቸው። አባቷ ግን አልሳቁም። «ለበሬ ጥርስ እያየሁ ኖሬ፣ ለሰው ፀጉር አየሁ!» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ግን ንገሩኝ፤ እንዲህ የቸኮለ ፀጉር ያለው ሰው ይኖርላታል?»

ሩመይሳ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እናቷ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባትም።

«አጀል፣ የሞት ቀጠሮ፣ የአላህ ነው፣ አባዬ። ያንን እኔም አላውቅ። ደሙን ግን አራት ወር አይቼዋለሁ። ያስረጀው የነበረው ሕመም ተነቅሏል። ፀጉሩ የአያቱ ውርስ ነው፤ አያቱ ደግሞ አሁንም አህያ ያሳድዳሉ። ምሳውን እኔ እጠይቀዋለሁ።»

አባቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ወደ ፍራሹ ተመልሰው ከትልቁ ትራስ አጠገብ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉ።

«ና፣ ተቀመጥ። ካስቀመጥኩህ ወዲያ አላነሳህም። ዱዓውንም አንተው አድርግ።»

ሙስዐብ እጆቹን ዘረጋ። ለራሱ ኒካሕ ዱዓ ያደረገ ጠያቂ በከሚሴ ከዚያ በፊት ስለመኖሩ የሰማ የለም። ከሁሉም ቀድሞ «አሚን» ያለው የሩመይሳ ድምፅ ነበር።

በኒካሑ ቀን ጸሐፊው «የሙሽራው ዕድሜ» ብሎ ቀና አለ፤ ፀጉሩን አየ፤ በልበ ሙሉነት ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ሩመይሳ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች።

«መጀመሪያ ይጠይቁት» አለች።